ግድግዳ አናጋሪው እና የጓሮው በር

ጉለሌ ውስጥ ዋቅጋሪን ሳይጠራ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ደግሞ ሻጩ አማቹ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፤ ቤት ግን አፉን አይከፍትም። የቤትን አፍ የሚያስከፍተው ዋቅጋሪ ነበር። ስለዚህም የሰፈሩ ሰው «ግድግዳ አናጋሪው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም ነበር።

ተወልዶ ያደገው እዚያው ከእንጦጦ ሥር ነው። አባቱ ከብት ያሰማራበት የነበረው መስክ በእሱ ዕድሜ ሰፈር ሆነ። በወጣትነቱ ቤት ሠሪ ነበር፤ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ያሉትን ቤቶች ቢቆጥሩ እጁ ያልነካው ጥቂት ነው። ሃምሳውን ሲያልፍ ጉልበቱ ጣራ ላይ መውጣቱን እምቢ አለው። ዓይኑና ጆሮው ግን ሠላሳ ዓመት የተማሩትን አልረሱም፤ ስለዚህ ቤት መሥራቱን ለልጆች ትቶ ቤት መመርመሩን ያዘ።

አመረማመሩ እንዲህ ነው። ሊመረምር ወደ መጣበት ቤት ሲገባ ሰላምታ እንኳ አያስረዝምም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል፤ ያሸታል። እርጥበት የጠጣ ግድግዳ ሽታው ለብቻው ነው ይል ነበር። ከዚያ ይነሣና በጣቱ አንጓ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እያንኳኳ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ በእናቱ ቋንቋ ይቆጥራል። ድምፁ የደነቆረበት ላይ ይቆምና የቋሚውን ሥር ስንዝር ያህል በእጁ ቆፍሮ ወስፌውን ይሰካል። ወስፌው ከጠለቀ እንጨቱ በምስጥ አልቋል፤ ካነጠረው እንጨቱ ጽድ ነው፣ ጽድ ደግሞ ቀባሪውን ይቀብራል። በመጨረሻም አንድ ቅል ውሃ አስመጥቶ ወለሉ ላይ ያፈሳል፤ ውሃው ወደየት እንደሚሄድ አይቶ ቤቱ ወደየት እንዳዘመመ ይናገራል።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ቃሉን ሳይሰጥ የዚያን ቤት ውሃ አይቀምስም። «የጠጣ አፍ ያባብላል» ይላል። ሁለተኛው፣ ፍርዱን የሚሰጠው ደፉ ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ውስጥ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ነው። ቃሉም ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «ግባ»፣ «ጠግነህ ግባ»፣ «ተወው»። ከዚህ የተረፈ ወሬ የለውም። «ተወው» ካለ የንጉሥ ዘመድ ቢሆን ያንን ቤት የሚገዛው የለም፤ «ግባ» ካለ ደግሞ ገዢው የዚያኑ ቀን ዕቃውን ያስጭናል።

በ1924 ዓመተ ምሕረት በድሉ የሚባል ሸማኔ ጠራው። በድሉ ከጋሞ ደጋ የመጣ፣ ቃሉ ለስላሳ፣ እጁ ቶሎ ቶሎ የሚል ሰው ነበር። ሚስቱ ሰርኬ እርጉዝ ናት፤ ኃይለ መለኮት የሚባል የሁለት ዓመት ልጅም ጉያዋ ሥር አለ። ሊገዙት ያሰቡት ቤት ሣር ክዳን፣ ሰፊ፣ ጥሩ ቤት ነው። በድሉ የወደደው ግን ስለ ስፋቱ አልነበረም። ቤቱ የጓሮ በር ነበረው። የሽመናውን ጉድጓድ ከበሩ አጠገብ ቢቆፍር የጠዋት ብርሃን ክሩ ላይ በቀጥታ ይወድቅለታል።

ዋቅጋሪ አንኳኳ፣ ቆፈረ፣ ውሃ አፈሰሰ። ሁሉም ደህና ነው፤ የጓሮው በር መቃን ብቻ ሲቀር። በሩን ኋላ ቀደው ያወጡት ሰዎች ግራና ቀኝ ያቆሙት ባሕር ዛፍ ነበርና ምስጥ ባዶውን አስቀርቶታል። ደፉ ላይ ቆሞ «ጠግናችሁ ግቡ» አለ። «የጓሮውን በር ድፈኑት።»

«ብርሃኔን ነው እኮ የሚወስዱብኝ፣ ጋሼ ዋቅጋሪ» አለ በድሉ። «መቃኑን በሌላ እንጨት ብንቀይረውስ?»

መቀየር ይቻል ነበር። ሁለት የጽድ ቋሚ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዋቅጋሪ ግን ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሲከራከሩት አይወድም፤ ይህ ጉድለቱ ነበር፣ ደብቄ አላልፈውም። «ሁለት በር ያለው ቤት ለብርድም ለሌባም መንገድ ነው። ይህች ሴት ልትወልድ ነው፤ አራስ በነፋስ መካከል ታስተኛለህ?» አለው። በድሉም የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያምነውን አመነ። ለብርሃኑ ከፊት ለፊት ትንሽ መስኮት ወጣለት።

በሩን የደፈነው ራሱ ዋቅጋሪ ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ሦስት ጊዜ አስረገጠ፤ ማገሩን አጠበቀ፤ ሲደርቅ ደግሞ በሁለተኛ ምርጊት አለሰለሰው። ሲጨርስ በድሉን ጠርቶ «በሩ የት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። በድሉ ግድግዳውን ቢዳብስ ቢዳብስ ቦታውን አጣው። ሁለቱም ሳቁ። ዋቅጋሪ በዚያ ሥራው ብዙ ጊዜ ሲኮራበት ኖረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጣልያን ከተማውን በያዘ በአሥረኛው ወር፣ በ1929 የካቲት፣ እነዚያ ሦስት ቀኖች መጡ። ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው ደግሞ ማውራቱ ይከብዳል። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ችቦና ቤንዚን ይዘው ከጎጆ ጎጆ ሲዞሩ፣ ሰርኬ ሴት ልጇን አዲሳለምን አስከትላ እንጦጦ ማርያም አጠገብ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ወጥታ ነበርና እዚያው ቀረች። በድሉና ኃይለ መለኮት ቤት ነበሩ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፊቱን በር ከውጭ አስረው ሣሩን ለኮሱት።

በአራተኛው ቀን ዋቅጋሪ ለመቅበር ከሄዱት ሰዎች አንዱ ነበር። አባትና ልጅ የተገኙት በፊት በር በኩል ሳይሆን በጓሮው ግድግዳ ሥር ነው። አጠገባቸው እጀታው የተቃጠለ ቢላዋ ወድቋል። ጭቃው በእሳቱ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ጭረቱን ሁሉ ይዞታል። በድሉ ቦታውን አልሳተም፤ ያኔ ሲስቁ ያጣውን ቦታ በጭሱ መካከል አግኝቶታል። ስንዝር ያህል ፍቆ ገብቷል። ዋቅጋሪ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ለካው፤ ወደ ውጭ ለመውጣት የቀረው አራት ጣት ነበር። ሁለተኛው ምርጊት አራት ጣት ነው። ራሱ ያለሰለሰው።

ቀና ሲል ሰርኬ በራፉ ላይ ቆማለች። ግድግዳውን አይታለች፣ ጣቱንም አይታለች። ዋቅጋሪ መሬት ቢውጠው በወደደ።

ከዚያ በኋላ ዋቅጋሪ የማንንም ቤት አልመረመረም። ሰው ሲልክበት «ታምሜያለሁ» ይላል። ሚስቱ ሾዴ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ስትለው ጣቱን ያሳያት ነበር፤ እሷም ጣቱን አገላብጣ ታይና ምንም ስለማታይበት ትሄዳለች።

ሚያዝያ ሲጋመስ ሰርኬ ራሷ ደጁ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከኋላዋ የአምስት ዓመቷ አዲሳለም የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቆማለች። ዋቅጋሪ ሲያያቸው ተነሥቶ ቆመ፤ እርግማን ከሆነ ቆሞ ሊቀበለው ፈለገ።

«ቤት ልገዛ ነው፣ ጋሼ ዋቅጋሪ። እርስዎ ሳያዩልኝ አልገባም» አለችው።

«እኔ?»

«እርስዎ። በድሉ ከሽመናው ጉድጓድ ሥር የቀበራት ጠገራ ብር አልተቃጠለችም፤ አሮጌ ቤት ትገዛልኛለች። ይህች ልጅ አንድ በር ያለው ቤት ውስጥ አልተኛ ብላኛለች። አክስቴ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ደጅ፣ ከጣራው ጥግ ሥር ነው የተኛነው። አሁን ሳል ጀምሯታል። ክረምቱ ሳይገባ ሁለት በር ያለው ቤት ይፈልጉልኝ።»

ወስፌውን ከሣጥን አውጥቶ ተከተላት።

ሁለት ቤት አዩ። የመጀመሪያው የጓሮ በር አለው፣ ግን ምሰሶው ከሥሩ ተበልቶ ክዳኑ የሚቆየው በሸረሪት ድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ «ተዪው» አላት። ሁለተኛው ቤት ሁለት በር አለው፤ ሁለቱም የሚከፈቱት ግን ወደ አንድ ግቢ፣ በአንድ በኩል ነው። አዲሳለም በአንዱ ወጥታ በሌላው ስትገባ ቆየችና «ይሄ አንድ በር ነው» አለች። ዋቅጋሪ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲመረምር እንዲህ ያለ መርማሪ አላየም። «ልክ ነሽ፣ የኔ እናት» አላት፤ ያንንም ተዉት።

ግንቦት አልቆ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል መጥቆር ሲጀምር የወይዘሮ ንግሥትን ቤት አገኙ። ወይዘሮ ንግሥት ልጆቿ ወደ ዱር የገቡባት አሮጊት ናት፤ ቤቷን ሸጣ ሰላሌ እህቷ ዘንድ ልትገባ ፈልጋለች። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ይህን ሰርኬ ከሩቅ አይታ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ቆርቆሮ እንደ ሣር በአንድ ክብሪት አይያዝም። በሩ ግን አንድ ነው።

ዋቅጋሪ ገብቶ ተቀመጠ፣ አሸተተ። ምሰሶው ጽድ፣ ወራጁ ጽድ፣ የፊት ቋሚዎቹ ሁሉ ጽድ። እንጨቱ ወስፌውን ሲያነጥረው እጁ የድሮውን ደስታ ሊያስታውስ ቃጣውና አፈረ። የጓሮው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ድምፁ ደነቆረ። ቆፈረ፤ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ወይዘሮ ንግሥት ጠላ ብትቀዳለት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልቀመሰውም። ደፉ ላይ ሄዶ ቆመ።

«ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው ግድግዳ ግን በር አይችልም። ከቀደድነው ይወርዳል።»

ሰርኬ ቀና ብላ አየችው። «ያኔም እንዲሁ ነበር ያሉት» አለችው።

ከየካቲት ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረው ቃል ይህ ነበር። ጮክ ብላ ብትለው፣ ብትረግመው፣ ፊቱን ብትቧጭረው ይቀለው ነበር። እሷ ግን የውሃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት ነው ረጋ ብላ ያለችው። አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጭ እንደሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ቃሉን መለሰ።

«ይችላል» አለ። «እኔ አስችለዋለሁ።»

በማግስቱ የራሱን የከብት በረት ሁለት የጽድ ቋሚዎች ነቀለ። ሾዴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየችና «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል የምሰማው ሌላ ሰው መጥቶ ሲቆርጥ ነበር፤ የኔው ሞኝ ራሱ ቆራጭ!» አለች። እሱ ቋሚዎቹን በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ግድግዳውን በድጋፍ አቆመ፤ የበሰበሰውን አውጥቶ የራሱን ተከለ። መዝጊያውንም ራሱ ጠርቦ ሠራው። ጠንካራ፣ ከባድ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ልጅ በትከሻዋ ብትገፋው እንኳ እሺ የሚል በር። መቀርቀሪያውን በአዲሳለም ደረት ልክ አደረገው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቀዋል። በእያንዳንዱ የመጥረቢያ ምት ግማሽ ቀን፣ ግማሽ ቀን ብቻ፣ እያለ ይሠራ ነበር። ሰርኬም አጠገቡ ጥጥ እየፈተለች ትቀመጣለች። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም ይቅር አላለችውም። በሩ ግን ተሠራ።

ዝናቡ ከመግባቱ አንድ ቀን ቀደም ብለው ገቡ። አዲሳለም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ያዘች። ፀሐይ ሊገባ ሲል በጓሮ በር ትወጣለች፤ ቤቱን ትዞራለች፤ በፊት በር ትገባለች። ከዚያ ቤት ውስጥ፣ ከእናቷ ጎን፣ ትተኛለች። ሳሉም በክረምቱ መካከል ተዋት። ዋቅጋሪ አንዳንድ ጊዜ በዚያ በኩል ሲያልፍ ልጅቱ ስትዞር ያይና ቆም ይላል። ደስ አለው ማለት አይቻልም፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ልቡ ውስጥ አልቀረም። እህል ግን መብላት ጀምሮ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። በ1931 ታኅሣሥ ሌላ ቤት መርማሪ መጣ።

ይኸኛው ባርኔጣ ያደረገ ጣልያን ነው፤ ሦስት እግር ያለው መነጽር፣ አንድ አስተርጓሚና ኖራ በባልዲ የያዘ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ አስከትሏል። ዋቅጋሪ በዚያን ቀን የሰርኬን ቤት ምርጊት ሊያድስ መጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር። ጣልያኑ በመነጽሩ አንዴ አየ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ጣቱን ቀሰረ። አስካሪው በሩ ላይ በኖራ ቁጥር ጻፈ። ሁሉም ነገር አንድ ጸሎት የሚደርስበትን ጊዜ አልፈጀም። ሰውየው ግድግዳውን በእጁ እንኳ አልነካውም።

«ይኼ መስመር በሙሉ ይፈርሳል» አለ አስተርጓሚው። «መንገድና የነጮች ቤት ይሠራበታል። ለእናንተ በከተማው በምዕራብ በኩል ቤት ተዘጋጅቷል። አሥር ቀን አላችሁ።»

ዋቅጋሪ ተነሣ። «ቤቱ ምን ጉድለት ተገኘበት?» አለ።

አስተርጓሚው ያሾፈበት መስሎት አፈጠጠበት። ዋቅጋሪ ግን እያሾፈ አልነበረም። «ምሰሶው እኮ ጽድ ነው፤ ወራጁም ጽድ። የጓሮውን መቃን እኔ ነኝ የቀየርኩት። ንገርልኝ፣ ይህ ቤት ሌላ ሠላሳ ዓመት ይቆማል።»

አስተርጓሚው ሳቀና አልነገረለትም። ጣልያኑ ሦስት እግሩን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ዋቅጋሪ ምስጡን ጠይቆ ነበር፤ እርጥበቱን፣ ዝመማውን፣ ነፋሱን፣ ሁሉን ጠይቆ ነበር። አገሩ የማን እንደሆነ ግን ወስፌ ሰክቶ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ሰርኬ ዕቃዋን ጠቀለለች። ቆርቆሮውን መውሰድ ተከልክሏል፤ ቋሚዎቹም ይቀራሉ። «የጓሮውን በር ይንቀሉልኝ» አለችው ዋቅጋሪን። እሱ ማጠፊያውን ፈትቶ አወረደው፤ በመጫኛ አስሮ በጀርባው አዘለው። እሷ ዕቃዋን በራሷ ተሸከመች፤ አዲሳለም አንዲት ትንሽ የውሃ እንስራ ይዛ ከፊት ከፊታቸው ሄደች። ከጉለሌ እስከ አዲሱ የምዕራብ ሰፈር ድረስ ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ በር የተሸከመ ሽማግሌ አይተው የሚሥቁ ወታደሮች ነበሩ። ዋቅጋሪ ጎንበስ ብሎ ስለሚሄድ ጫማቸውን ብቻ ነው ያየው።

የተሰጣቸው ቤት በረድፍ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። አንድ ክፍል፣ አንድ በር። አዲሳለም እስከ ደፉ ሄዳ ቆመች። «የጓሮው በር የት አለ?» አለች። እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና ደጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ታኅሣሥ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያ ሳል በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምቶባት ነበር።

«ይመርምሩልኝ፣ ጋሼ» አለች ሰርኬ።

ዋቅጋሪ በሩን ከጀርባው አውርዶ ገባ። አልተቀመጠም፤ አላሸተተም። በቀጥታ ወደ ጓሮው ግድግዳ ሄዶ በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።

ከወዲያኛው በኩል አንድ ሰው መልሶ አንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው የተሠሩት። ከግድግዳው ወዲያ ጓሮ የለም፤ እንደነሱ ያለ ሌላ ሰው፣ እንደነሱ ያለ አንድ በር ወደ ሌላው መንገድ ከፍቶ ተቀምጧል። ቢፍቁት ቢፍቁት የሚደርሱት ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ያም ቤት ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ይህን ለመረዳት ወስፌ አላስፈለገውም። ዘወር ሲል ሰርኬ ታየዋለች፤ ማንኳኳቱን ሰምታለች።

«ተዪው» እንዳይል የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የለም። «ጠግነሽ ግቢ» እንዳይል የሚጠገን ነገር የለውም። አፉ ደረቀ። ሰርኬ ከእንስራው በቅል ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ተቀብሎ ጠጣ፤ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ሰርኬ ስትቀዳም እሱ ሲጠጣም ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል።

ከዚያ ወጥቶ በሩን ጎትቶ አስገባው። መዝጊያውን ከጓሮው ግድግዳ ጋር አቆመ፤ ረጃጅም ሚስማር አውጥቶ ማጠፊያውን እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ካለው ቋሚ ጋር መታው። መቃን የለው፣ ጉበን የለው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ በር። መቀርቀሪያውን እንደ በፊቱ በልጅቱ ደረት ልክ አደረገው፤ በታች በኩል ደግሞ እንዳይከፈት በሁለት ሚስማር ከግድግዳው ጋር ሰፋው። ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ በር ነበረ፣ ግድግዳ አስመሰለው። ዛሬ ግድግዳ ነው። መዶሻው እጁ ላይ ከበደው።

ሰርኬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ዕቃዋ ዞረች።

«ነይ ግቢ» ብሎ ጠራት አዲሳለምን።

ልጅቱ እየተጠራጠረች ገባች። በሩን ስታይ አወቀችው፤ የራሷ በር ነው። ሄዳ መቀርቀሪያውን ዳበሰችው፤ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም። ቀና ብላ ዋቅጋሪን አየችው።

«ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«አሁን ለምን እምቢ አለኝ?»

ዋቅጋሪ ወደ ደፉ ሄደ፤ እንደ ልማዱ አንድ እግሩን ውስጥ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ቆመ። «ይህኛው የሚከፈተው እሳት ሲመጣ ብቻ ነው» አላት። «ያኔ በራሱ ይከፈታል። ግቢ፤ ደህና ቤት ነው።»

አዲሳለም መቀርቀሪያውን አንዴ ደግማ ነካችና ሄዳ ከበሩ ሥር ጋደም አለች። አመነችው። ጉለሌ ውስጥ ዋቅጋሪ ያለውን ያላመነ ሰው አልነበረም።